መሐመድ አሚን፡ የኮረምን ሰቆቃ ለዓለም ያሳየው የናይሮቢ ልጅ

ስለ 77ቱ ረሃብ ሲነሳ በብዙዎች አእምሮ ውስጥ የሚመጣ አንድ ምስል አለ። ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ በብርዳማው የኮረም ሜዳ ላይ፣ ነጠላና ጋቢ የተከናነበ ሕዝብ እስከ ዓይን ዳርቻ ተዘርግቶ ይታያል። ከመካከሉ የሚንቀሳቀሱ አሉ፤ የማይንቀሳቀሱም አሉ።

ይህን ምስል በካሜራው ያስቀረው ሰው ወታደር አልነበረም፤ ሐኪምም፣ የእርዳታ ሠራተኛም አልነበረም። የናይሮቢ ተወላጅ የሆነ የዜና ካሜራ ባለሙያ ነበር። ስሙ መሐመድ አሚን ይባላል፤ ወዳጆቹ ሞ እያሉ ይጠሩት ነበር።

የዚህ ሰው ሕይወት ከኢትዮጵያ ጋር ሦስት ጊዜ በእጅጉ ተሳስሯል። በመጀመሪያው የዓለምን ሕሊና ቀሰቀሰ። በሁለተኛው የግራ እጁንና የሥራ ባልደረባውን አጣ። በሦስተኛው ሕይወቱን ገበረ።

ከኢስሊ እስከ ዳሬሰላም

መሐመድ አሚን የተወለደው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነሐሴ 29 ቀን 1943 ናይሮቢ ውስጥ ነው። የትውልድ ሰፈሩ ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን ስደተኞች የሚኖሩበትና የሚነግዱበት ኢስሊ ነበር።

ቤተሰቡ ከሕንድ ክፍለ አህጉር፣ ከፑንጃብ የመጣ ነው። አባቱ የባቡር ሐዲድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። በዚያ ዘመን የብሪታኒያ ምሥራቅ አፍሪካ የባቡር መሥመር በሺህ የሚቆጠሩ የእስያ ተወላጆችን ወደ አካባቢው ያመጣ ሲሆን፣ ከእነዚህ ቤተሰቦች የተወለዱት ልጆች በሁለት ዓለም መካከል አድገዋል። ለቅኝ ገዢዎቹ የበታች፣ ለአገሬው ደግሞ እንግዳ ነበሩ።

ቤተሰቡ ወደ ዳሬሰላም ሲዛወር አሚን ገና ልጅ ነበር። ያገለገለች ቦክስ ብራውኒ ካሜራ በእጁ የገባችውም በልጅነቱ ነው። ለብዙ እኩዮቹ መጫወቻ የሆነችው ይህች ካሜራ ለእሱ የእንጀራ ገመድ ሆነች። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሞላው፣ በ1963፣ ካሜራፒክስ የተባለውን የፎቶግራፍና የዜና ድርጅት እዚያው ዳሬሰላም መሠረተ።

ጊዜው የአፍሪካ አገራት በየተራ ነፃነታቸውን የሚያውጁበት ነበር። ባንዲራ በወረደና በተሰቀለ ቁጥር ካሜራ ይፈለጋል። ከነፃነቱ ማግስት ደግሞ መፈንቅለ መንግሥት፣ ግድያና ጦርነት ተከተለ። ያን ጊዜም ካሜራ ተፈለገ። ልዩነቱ፣ በዚህኛው ጊዜ የካሜራ ባለቤት መሆን ለእስርና ለሞት የሚዳርግ መሆኑ ነው።

የዛንዚባር እስርና የናይሮቢ ጥይት

በጥር 1964 በዛንዚባር አብዮት ፈንድቶ ሱልጣኑ ከዙፋን ሲወርዱ አሚን በፍጥነት ደሴቲቱ ላይ ከደረሱት የዜና ሰዎች አንዱ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ያችው ደሴት ወጥመድ ሆነችበት። አዲሶቹ ገዢዎች እንዲታይ የማይፈልጉትን የምሥራቁ ጎራ የጦር ማሠልጠኛ ቀርጿል ተብሎ ተያዘ፤ ወደ አንድ ወር ለሚጠጋ ጊዜ በእስር ቤት ተሠቃየ። ከስቶና ተጎሳቁሎ ከተፈታ በኋላ ኑሮውንም ድርጅቱንም ወደ ተወለደባት ናይሮቢ አዛወረ።

ናይሮቢም ሰላም አልሰጠችውም። በሐምሌ 5 ቀን 1969፣ የኬንያው ሚኒስትርና የነፃነት ታጋይ ቶም ምቦያ በመሐል ከተማ፣ በዚያን ጊዜ ገቨርመንት ሮድ በሚባለውና ዛሬ ሞይ አቬኑ ተብሎ በሚጠራው ጎዳና ላይ በጥይት ተመቱ። አሚን በደቂቃዎች ውስጥ ቦታው ላይ ደረሰ። የፖለቲከኛውን ሕይወት ለማትረፍ የተደረገውን ርብርብና የከተማዋን ድንጋጤ በፊልም አስቀረ። ይህ ሥራው በብሪታኒያ የዓመቱ ምርጥ የዜና ካሜራ ባለሙያ የሚያሰኝ ሽልማት አስገኘለት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ አሚን ያልደረሰበት ታላቅ ክስተት ጥቂት ነው። በኡጋንዳ የኢዲ አሚንን አገዛዝ፣ በ1972ም እስያውያን ከዚያች አገር ሲባረሩ የደረሰባቸውን መከራ ተከታትሏል። የመካን የሐጅ ጉዞ በፎቶግራፍ መጽሐፍ አሳትሟል። ቪስኒውስ ለተባለው ዓለም አቀፍ የቴሌቪዥን ዜና ወኪል የናይሮቢ ቢሮ ኃላፊ ሆኖም ሠርቷል።

የተዘጋው መንገድ

በኢትዮጵያ ረሃብና ካሜራ የቆየ ታሪክ አላቸው። በ1966 ዓ.ም. የብሪታኒያው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው የወሎ ረሃብ ፊልም ለዓለም ታይቶ ነበር። ደርግ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከሥልጣን ባወረደበት ዋዜማ ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ቀረበ። የተራበ ሕዝብ ምስል ዙፋን ሲያናጋ ያዩት ባለሥልጣናት ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ምስል በእነሱ ላይ እንዲመጣ አልፈለጉም።

በመስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ሰልፍ ታከብር፣ የኢሠፓን ምሥረታም ታበስር ነበር። በዚያው ወር በወሎ፣ በትግራይና በኤርትራ ገበሬዎች ቀዬአቸውን ጥለው ወደ አውራ ጎዳናዎች ይጎርፉ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ቢያሰማም፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ተገቢውን ምላሽ አላገኘም። በክብረ በዓሉ ወቅት ወደ ሰሜን ለመጓዝ ለውጭ ጋዜጠኞች ፈቃድ አይሰጥም ነበር።

ዝናቡ መቅረቱ እውነት ነው። ነገር ግን ረሃቡን እልቂት ያደረገው ድርቁ ብቻ አልነበረም። የደርግ ሠራዊት ከሕወሓትና ከሻዕቢያ ጋር በሚዋጋበት በሰሜኑ ክፍል መንገዶች ተዘግተው፣ ገበያዎች ተበትነውና በአውሮፕላን ተደብድበው፣ እህል ካለበት ወደሌለበት የሚሄድበት መንገድ ተቋርጦ ነበር። ገበሬው ከሰማይ ዝናብ፣ ከምድር ሰላም አጣ።

ጥቅምት 1977 በኮረም

አሚን ለዓመታት በአዲስ አበባ ያፈራቸው ወዳጆች ነበሩት። በጥቅምት ወር፣ መቀመጫውን ደቡብ አፍሪካ ካደረገው የቢቢሲ ዘጋቢ ማይክል በርክ ጋር ሆኖ ወደ ሰሜን የሚያስኬደውን ፈቃድ አገኘ። ፈቃዱ በቀላሉ የተገኘ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ከደረሱ በኋላ ጉዞው ሊሰናከል ተቃርቦ እንደነበር ይነገራል። በመጨረሻ በእርዳታ ድርጅት አውሮፕላን ወደ ሰሜን አቀኑ።

ኮረም በያኔው የወሎ ክፍለ ሀገር፣ ከአላማጣ ሜዳ በላይ ባለው ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያ ከፍታ የጥቅምት ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የተራቡ ሰዎች ከመጠለያ ውጭ ሜዳ ላይ ያድሩ ስለነበር ረሃቡ ያልገደለውን ብርዱ ይገድለው ነበር። በየማለዳው የሚሠራው የመጀመሪያ ሥራ በሌሊት ያለፉትን መልቀም፣ ማጠብና መገነዝ ነበር።

አሚን በንጋቱ ካሜራውን ይዞ በሕዝቡ መካከል ገባ። የቀረጻቸው ምስሎች ግርግርና ጩኸት የለባቸውም። እናት ከሕፃን ልጇ ጋር በአንድ ግንዝ ተጠቅልላ ትታያለች። አባት የልጁን አስከሬን ያቅፋል። ካሜራው ከፊታቸው አይሸሽም፤ አይቸኩልምም። ብዙዎች የምስሎቹ ኃይል ከዚህ ዝግታ የመነጨ እንደሆነ ይስማማሉ።

ቡድኑ መቀሌንም አየ። በዚያ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ነርስ ክሌር በርሺንገር ከአንድ የምገባ ጣቢያ ፊት ለፊት ከተሰለፉ በጣም ብዙ ሕፃናት መካከል ጥቂቶችን ብቻ መርጣ እንድታስገባ ተገድዳ ነበር። ቦታውና ምግቡ ለሁሉም አይበቃም። የተመረጠው ይተርፋል፤ ያልተመረጠው ምን እንደሚገጥመው እሷም፣ የሕፃናቱም እናቶች ያውቁታል።

የመጀመሪያው ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ጥቅምት 23 ቀን 1984፣ በቢቢሲ ተላለፈ። ለአንድ የዜና ዘገባ ረጅም የሚባለውን 7 ደቂቃ ገደማ ወሰደ። በማግሥቱ ከመቀሌ የተላከው ተከተለ። ዘገባው 425 በሚሆኑ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አማካይነት በመላው ዓለም ወደ 470 ሚሊዮን በሚገመት ሕዝብ እንደታየ ይነገራል።

ከምስሉ በኋላ የሆነው

ዘገባውን ካዩት መካከል የአየርላንዱ ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ አንዱ ነበር። በሳምንታት ውስጥ የብሪታኒያና የአየርላንድ ሙዚቀኞች ባንድ ኤይድ በሚል ስም ተሰባስበው ለእርዳታ የሚውል ዘፈን አወጡ። በአሜሪካ በሃሪ ቤላፎንቴ ተነሳሽነት ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺን ጨምሮ በርካታ ዕውቅ ድምፃውያን ተከተሏቸው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ጊዜ የተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳሰባሰበ ይገመታል።

መንግሥታትም ዝም ማለት አልቻሉም። ቀዝቃዛው ጦርነት በተፋፋመበት በዚያ ወቅት፣ የብሪታኒያና የምዕራብ ጀርመን ወታደራዊ አውሮፕላኖች ከሶቪየት ኅብረትና ከፖላንድ አብራሪዎች ጋር በአንድ የኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እህል አመላለሱ። አውሮፕላን ማረፍ በማይችልባቸው ተራራማ ቦታዎች ጆንያዎች ከአየር ይጣሉ ነበር።

ሆኖም እርዳታው ከጦርነቱ አላመለጠም። መንግሥት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ ያሰፈረበት ፕሮግራም በግዳጅ የተፈጸመና ቤተሰብ የበተነ ነው ተብሎ ተወገዘ። ይህን በይፋ የተቃወመው የፈረንሳዩ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በ1985 መገባደጃ ከአገር ተባረረ። በአማፂያኑ ይዞታ ሥር ለነበረው ሕዝብ ደግሞ እህል የሚደርሰው በሱዳን በኩል ነበር። የጭነት መኪና ሾፌሮች ቀን ቀን መኪናቸውን በቅጠል ሸፍነው፣ ሌሊት ሌሊት ያለ በቂ መብራት ገደል ለገደል ይጓዙ ነበር፤ በቀን የታየ መኪና በአውሮፕላን ይመታልና።

በዚያ ረሃብ ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል። ምስሎቹ ባይታዩ ኖሮ ቁጥሩ ምን ያህል ይጨምር እንደነበር ማንም አይለካውም። ግን ከጥቅምቱ በፊት ይመጣ የነበረው እህልና ከጥቅምቱ በኋላ የመጣው የሰማይና የምድር ያህል የተራራቁ መሆናቸው አያከራክርም።

ዝናው በአብዛኛው ከውጭ በመጡት ላይ አረፈ። አስከሬን ያጠቡት፣ መቃብር የቆፈሩት፣ በተስቦ እየተያዙ በሽተኛ ያስታመሙት፣ ያላቸውን ቁራሽ ያካፈሉት የኮረምና የመቀሌ ነዋሪዎች እንዲሁም ኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች ስማቸው በየትኛውም ዘፈን ሽፋን ላይ አልተጻፈም። ከዚህም ሌላ፣ አገሪቱ በረሃብተኛ ሕፃን ምስል ብቻ የምትታወቅበት ዘመን ተከተለ። ሕይወት ያተረፈው ምስል በብዙ ኢትዮጵያውያን ልብ ውስጥ የክብር ቁስልም ትቷል። የአሚን ሥራ ውርስ ሁለቱንም ይይዛል።

ግንቦት 27 ቀን 1983

በ1984 ዘገባ ውስጥ ጦርነቱ ከረሃቡ ጀርባ ተሸሽጎ ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ ግን ራሱ ጦርነቱ ከአሚን ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ።

ኢሕአዴግ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከተቆጣጠረ ሳምንቱ ነበር። ለከተማዋ ነዋሪ ጦርነቱ አብቅቷል። ግንቦት 27 ገና ሳይነጋ ግን በደቡባዊ የከተማዋ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ አካባቢ የነበረ የጥይትና የከባድ መሣሪያ ማከማቻ ፈነዳ። የከተማዋ መስኮቶች ረገፉ፤ በአካባቢው የነበሩ ደካማ ቤቶች ፈራረሱ፤ ሰዎች ከእንቅልፋቸው እየተነሱ በሌሊት ልብሳቸው ሸሹ።

ሕዝቡ ከእሳቱ ሲሸሽ የአሚን ቡድን ወደ እሳቱ ሄደ። በሥራ ላይ ሳሉ ሌላ ከባድ ፍንዳታ ደረሰ። ኬንያዊው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ እዚያው ሕይወቱ አለፈ። የአሚን ግራ እጅ ክፉኛ ተጎዳ። ባልደረቦቹ ከፍንዳታው መሐል አውጥተው ለሕክምና አደረሱት፤ ከዚያም ወደ ናይሮቢ ተወሰደ። እጁን ማትረፍ ግን አልተቻለም።

ማታይ እንደ አሚን በዓለም ዘንድ የታወቀ አልነበረም። የድምፅ ባለሙያ በምስሉ ውስጥ አይታይም፤ በዜናው መጨረሻም ስሙ እምብዛም አይጠራም። ግን ካሜራው በገባበት ሁሉ አብሮ የሚገባ፣ የሚመጣውንም አደጋ እኩል የሚካፈል ሰው ነው። በዚያን ቀን ከባልደረባው የበለጠውን ዋጋ የከፈለው እሱ ነበር።

በሁለት እጅ ለሚሠራ የካሜራ ባለሙያ አንድ እጅ ማጣት የሙያ ፍጻሜ ይመስላል። አሚን ግን በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ካሜራውን እንዲሸከምለት አመቻቸው። በወራት ውስጥ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1992 የብሪታኒያ መንግሥት ኤምቢኢ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጠው።

የመጨረሻው በረራ

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ኅዳር 23 ቀን 1996፣ አሚን ከረጅም ጊዜ የሥራ ባልደረባው ከጸሐፊው ብራያን ቴትሊ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ለመመለስ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 961 ተሳፈረ። ካሜራፒክስ በዚያን ጊዜ ሰላምታ የተባለውን የአየር መንገዱን መጽሔት ያዘጋጅ ነበር።

አውሮፕላኑ ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ሦስት ወጣቶች የአብራሪዎቹን ክፍል ተቆጣጠሩ። ፈንጂ ይዘናል በማለት አስፈራርተው ወደ አውስትራሊያ እንዲበር አዘዙ። ከዚያ ቀደም ሁለት ጊዜ ጠለፋ የገጠማቸው ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ ለዚያ ጉዞ እንደማይበቃ ቢያስረዱም ጠላፊዎቹ አላመኑም። ማስረጃ ያደረጉት በአየር መንገዱ መጽሔት ላይ የሰፈረውን፣ ቦይንግ 767 አውሮፕላን ያለማቋረጥ 11 ሰዓት መብረር ይችላል የሚለውን መረጃ ነበር። መረጃው ትክክል ነው፤ የሚሠራው ግን ነዳጅ ለተሞላ አውሮፕላን ነው።

ካፒቴኑ ከባሕር ዳርቻው ሳይርቁ ወደ ደቡብ በረሩ። ከሰዓታት በኋላ ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አውሮፕላኑ በኮሞሮስ ደሴቶች፣ ለ ጋላዋ በተባለ ሆቴል የባሕር ዳርቻ አቅራቢያ ውኃው ላይ ወደቀና ተሰባበረ። በውስጡ ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና በአውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ የነፉ ተሳፋሪዎች ውኃው ሲገባ ወደ ጣሪያው ተገፍተው መውጣት አቅቷቸው እንደነበር ታውቋል።

አሚንና ቴትሊ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። አሚን እስከ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ድረስ ወንበሩ ላይ እንዳልተቀመጠ፣ ቆሞ ከጠላፊዎቹ ጋር ይነጋገር እንደነበር ተዘግቧል። ዕድሜው 53 ዓመት ነበር።

አንዲት ካሜራ በዚያም ቀን ነበረች። በባሕሩ ዳርቻ የነበረ ጎብኚ አውሮፕላኑ ሲወድቅ ቀርጾት ምስሉ በመላው ዓለም ተሰራጭቷል። በዙሪያው የነበሩት ደግሞ ሌላ ሥራ ላይ ነበሩ። የደሴቲቱ ነዋሪዎች፣ የሆቴሉ ሠራተኞችና ጎብኚዎች በጀልባና በዋና ወደ ስብርባሪው ደርሰው 50 ሰዎች በሕይወት እንዲተርፉ አግዘዋል። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አላሠለጠናቸውም።

የቀረው ውርስ

ካሜራፒክስ ዛሬም በናይሮቢ በልጁ በሳሊም አሚን እጅ ይገኛል። ቤቱ ለአሥርት ዓመታት የተጠራቀመ የአፍሪካ ታሪክ የፊልምና የፎቶግራፍ ክምችት አለው። በስሙ የተቋቋመው ፋውንዴሽንም አፍሪካውያን ወጣቶችን በዜና ቀረጻ ሙያ ሲያሠለጥን ቆይቷል።

የአፍሪካን መከራ የሚናገሩት ከሩቅ የሚመጡ ሰዎች ብቻ በነበሩበት ዘመን፣ የኮረምን ንጋት ያስቀረው ካሜራ የያዘው የጎረቤት አገር ልጅ ነበር። ኢስሊ የተወለደ፣ መንገዱንም ባለሥልጣኑንም የሚያውቅ፣ ፈቃድ ሲከለከል መልሶ የሚያንኳኳ። በኮረም ሜዳ ላይ ከነበሩት ሕፃናት የተረፉት ዛሬ የልጅ ልጅ ለማየት የሚደርሱበት ዕድሜ ላይ ናቸው። ከእነሱ አብዛኞቹ ስሙን ሰምተው አያውቁም።